በቀረበ የገቢ ግብር ማስታወቂያ ላይ ስህተት ሲገኝ፡- የማረሚያው ሥርዓትና የጊዜ ገደቦቹ

አንድ የግብር ማስታወቂያ ለታክስ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ቀርቦ ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ስህተት ሊገኝበት ይችላል። አንድ ቁጥር ተገላብጦ፣ አንድ አበል ተዘንግቶ ወይም የአንዱ ሠራተኛ ገቢ በሌላው መለያ ቁጥር ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ስህተቱን ያገኘው ሰው በዚያን ጊዜ ሦስት መንገዶች ይታዩታል። እነሱም ዝም ማለት፣ ልዩነቱን በሚቀጥለው ወር ማስታወቂያ ላይ አቻችሎ ማለፍ ወይም ስህተቱን በጽሑፍ አሳውቆ እንዲታረም መጠየቅ ናቸው። ከሦስቱ ሕጉ ሥርዓት ያበጀለት ሦስተኛው ነው።

ጉዳዩ ነጋዴዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠራተኞቹ ደመወዝ ላይ ግብር ቀንሶ የሚያስቀርና በየወሩ የሚያስታውቅ በመሆኑ፣ የፋይናንስ ባለሙያው በፔሮሉ ላይ የሚሠራው ስህተት በሠራተኛው ኪስ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሒሳብና በኃላፊው የግል ተጠያቂነት ላይ ውጤት ያስከትላል። በሌላ በኩል ቤት የሚያከራይ ወይም ከመደበኛ ሥራው ውጪ ሌላ ገቢ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ ስም የሚያቀርበው ማስታወቂያ አለ። በሁለቱም ሁኔታዎች ስህተቱ የሚታረምበትን መንገድና ጊዜ ማወቅ ጠቃሚ ይሆናል።

የሕጉ መሠረት

የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢዎችን በሠንጠረዥ ከፋፍሏል። ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ "ሀ"፣ የቤት ኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ "ለ"፣ የንግድ ሥራ ገቢ ደግሞ በሠንጠረዥ "ሐ" ይስተናገዳሉ። ልዩ ልዩ ገቢዎች በሠንጠረዥ "መ" ሥር ሲወድቁ፣ ከግብር ነጻ የሆኑት በሠንጠረዥ "ሠ" ተዘርዝረዋል። ይህ አዋጅ በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል።

ማስታወቂያው እንዴት እንደሚቀርብ፣ እንዴት እንደሚታረምና ክርክር ሲነሣ እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ግን የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። አዋጁ የታክስ ሰብሳቢውን አካል "ባለሥልጣኑ" እያለ ይጠራዋል። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ይህ አካል የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1097/2011 የገቢዎች ሚኒስቴር ከተቋቋመ ወዲህ ሥልጣኑ ለሚኒስቴሩ ተላልፏል።

በአዋጁ አሠራር መሠረት ግብር ከፋዩ ገቢውን ራሱ አስልቶ ሲያስታውቅ፣ በማስታወቂያው ላይ የተመለከተው የገንዘብ መጠን እንደ ታክስ ስሌት ይቆጠራል። ስለዚህ ማስታወቂያው ተራ ቅጽ አይደለም። ከቀረበበት ሰዓት ጀምሮ በግብር ከፋዩና በመንግሥት መካከል ያለውን መብትና ግዴታ የሚወስን ሰነድ ይሆናል። ግብር ከፋዩ በገዛ ፈቃዱ ሰርዞ ወይም ደልዞ ሊለውጠው የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስህተቶቹ ከየት ይመጣሉ?

በመሥሪያ ቤቶች የወር ማስታወቂያ ላይ ሊያጋጥሙ የሚችሉ ስህተቶች በጥቂት ክፍሎች ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የአጻጻፍ ስህተት ነው። የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በ21,000 ብር ቢመዘገብ፣ በአሁኑ ምጣኔ ሊቀነስበት የሚገባው 2,250 ብር ሆኖ ሳለ 5,300 ብር ይቀነስበታል። በሁለት ቁጥሮች መገላበጥ ብቻ ሠራተኛው በወር 3,050 ብር ያጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መሳሳት ነው። የተቀነሰው ገንዘብ በትክክል ገቢ ቢደረግም በሌላ ሰው ስም ይመዘገባል። ሠራተኛው የከፈለውን ግብር የሚያሳይ ማስረጃ እስከሚፈልግበት ቀን ድረስ ስህተቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ሦስተኛው ግብር የሚከፈልበትንና የማይከፈልበትን ክፍያ መቀላቀል ነው። በሕግ በተወሰነው መጠን ከግብር ነጻ የሆነን የመጓጓዣ አበል ከደመወዝ ጋር ደምሮ ግብር መቀነስ ሠራተኛውን ይጎዳል። በተቃራኒው ግብር የሚከፈልበትን አበል ከስሌቱ መተው የመንግሥትን ገቢ ያጎድላል፤ ኋላ ላይም መሥሪያ ቤቱን ያስጠይቃል።

አራተኛው የክፍያ ወቅትን ማሳሳት ነው። የሰኔ ወር ክፍያ በሐምሌ ስም ሲመዘገብ ሰኔ ያልተከፈለበት፣ ሐምሌ ደግሞ በብልጫ የተከፈለበት ሆኖ ይታያል። በመጨረሻም ማስታወቂያውን ለማይመለከተው ታክስ ሰብሳቢ ማቅረብ ይገኛል። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 እና 97 መሠረት የፌዴራል መንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተቀጣሪዎች የገቢ ግብር የፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ የክልል መንግሥትና የግል ድርጅቶች ተቀጣሪዎች የገቢ ግብር የክልሎች ነው።

የምጣኔ ለውጥ የሚፈጥረው ስህተት

ሕግ በሚሻሻልበት ወቅት ስህተት የሚፈጠርበት ዕድል ይሰፋል። አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከመቀጠር ከሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የማይከፈልበትን የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል። በአዲሱ ሠንጠረዥ ከ2,000 ብር በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው ገቢ ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር ባለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር ባለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር ባለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በሆነው ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይከፈላል። ምጣኔው ተፈጻሚ የሆነው ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። አዋጁ በዚያው ወር ውስጥ የጸደቀ በመሆኑ፣ የሐምሌን ፔሮል አስቀድሞ በቀድሞው ሠንጠረዥ ያዘጋጀ መሥሪያ ቤት ስሌቱን እንደገና መሥራት ነበረበት።

ይህ ሳይደረግ ቢቀር ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በቀድሞው ሠንጠረዥ 12,000 ብር የወር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ 2,700 ብር ይቀነስበት ነበር። በአዲሱ ሠንጠረዥ የሚቀነሰው 2,250 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 450 ብር ይሆናል። በዚህ የደመወዝ እርከን ላይ 60 ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት ለሦስት ወራት በቀድሞው ሠንጠረዥ ቢቀጥል፣ ከሠራተኞቹ በድምሩ 81,000 ብር በብልጫ ቀንሷል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ድርሻ 1,350 ብር ነው። ገንዘቡ የሠራተኞቹ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

"በሚቀጥለው ወር አቻችለነዋል" የሚለው አሠራር

ስህተት በተገኘ ጊዜ ቀላል የሚመስለው መፍትሔ ልዩነቱን በሚቀጥለው ወር ማስታወቂያ ላይ መጨመር ወይም መቀነስ ነው። ይሁንና ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብር የሚሰላው በየወሩ ነው። የአንዱን ወር ጉድለት በሌላው ወር መሸፈን የሁለቱንም ወራት ማስታወቂያ ትክክለኛ ያልሆነ ያደርገዋል።

ይህ የኋላ ኋላ በኦዲት ጊዜ ችግር ያስከትላል። ኦዲተሩ ፔሮሉን ከወሩ ማስታወቂያ ጋር ሲያነጻጽር በአንደኛው ወር ጉድለት፣ በሁለተኛው ወር ምክንያቱ ያልታወቀ ብልጫ ያገኛል። ስሌቱን የሠራው ባለሙያ ተዛውሮ ወይም ሥራ ለቆ ከሆነ የሚያስረዳ ሰው አይኖርም። በጽሑፍ ቀርቦ የተመዘገበ የማረሚያ ጥያቄ ግን ባለሙያው ባይኖርም ስህተቱ መቼ፣ እንዴትና በማን እንደተገኘ ይመሰክራል።

ማረሚያው የሚጠየቅበት ሥርዓት

የታክስ አስተዳደር አዋጁ አንቀጽ 29 ታክሱን ራሱ አስልቶ ያስታወቀ ግብር ከፋይ ስሌቱ እንዲሻሻልለት ለባለሥልጣኑ ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ማመልከቻው በተፈቀደው ቅጽ የሚቀርብ ሆኖ ሁለት ነገሮችን ማካተት አለበት። አንደኛው ስሌቱን ለማስተካከል ያስፈልጋል የተባለው ማሻሻያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማሻሻያው ያስፈለገበት ምክንያት ነው።

ሁለቱም በግልጽ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። "በስሌት ስህተት ምክንያት እንዲስተካከል" ተብሎ በደፈናው የቀረበ ማመልከቻ ለመወሰን አያስችልም። የታክስ ወቅቱ፣ በመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ የተመዘገበው መጠን፣ ትክክለኛው መጠንና በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሊገለጹ ይገባል። ከማመልከቻው ጋር የመጀመሪያው ማስታወቂያ ቅጂ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የታረመው ስሌት እንዲሁም ለስሌቱ መነሻ የሆኑት ሰነዶች፣ ለምሳሌ ፔሮል፣ የቅጥር ወይም የደመወዝ ዕድገት ደብዳቤ፣ የኪራይ ውልና የባንክ ማስረጃ ቢያያዙ ውሳኔው ይፋጠናል። የቀረበበት ቀን የጊዜ ገደብን ለመቁጠር ስለሚያገለግል፣ ማመልከቻው የገቢ ቁጥርና ቀን የተመዘገበበት ቅጂ በእጅ መቅረት አለበት።

ማመልከቻው መቅረብ ያለበት ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ነው። ባለሥልጣኑ ደግሞ ማመልከቻው በደረሰው በ120 ቀናት ውስጥ ስሌቱን ለማሻሻል ወይም ጥያቄውን ላለመቀበል መወሰን ይጠበቅበታል። ጥያቄው ተቀባይነት ካገኘ የተሻሻለ የታክስ ስሌት ተዘጋጅቶ ለግብር ከፋዩ ይሰጠዋል። ካላገኘም ውሳኔው በጽሑፍ ሊደርሰው ይገባል።

ቀንሶ የሚያስቀር መሥሪያ ቤት በወር ማስታወቂያው ላይ ስህተት ሲያገኝም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርበታል። የስህተቱን ዓይነት፣ የሚመለከታቸውን ሠራተኞች ስምና መለያ ቁጥር እንዲሁም ልዩነቱን በዝርዝር የያዘ ደብዳቤ በኃላፊው ፊርማ ለታክስ ቅርንጫፉ ቢልክ፣ የደብዳቤውንም ቅጂ ከወሩ ፔሮል ጋር ቢያያይዝ ስህተቱ የታወቀበትና የታረመበት ማስረጃ ይኖረዋል።

ማረሚያው የሚከፈለውን ግብር የሚጨምር ሲሆን

ስህተቱ ግብርን አሳንሶ ያስታወቀ ከሆነ ፍጥነት ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ በወቅቱ ባልተከፈለ ግብር ላይ ወለድ ይታሰባል። የወለዱ ምጣኔ በአገሪቱ ባንኮች ሲሠራበት በነበረው ከፍተኛ የማበደሪያ ምጣኔ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮበት የሚወሰን በመሆኑ፣ ግብርን አዘግይቶ መክፈል ከባንክ ከመበደር የበለጠ ወጪ ያስከትላል።

በሁለተኛ ደረጃ በወቅቱ ባልተከፈለ ግብር ላይ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለሚቆጠር ለእያንዳንዱ ወር ወይም የወሩ ከፊል 2 በመቶ መቀጫ በአዋጁ ተደንግጓል። 40,000 ብር በወቅቱ ሳይከፈል 6 ወር ቢቆይ፣ የመጀመሪያው ወር 2,000 ብር፣ የቀሩት አምስት ወራት ደግሞ እያንዳንዳቸው 800 ብር ተቆጥረው መቀጫው 6,000 ብር ይደርሳል። ወለዱ ከዚህ ውጪ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ግብርን አሳንሶ ማስታወቅ ራሱን የቻለ መቀጫ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጸም የጎደለው ግብር 10 በመቶ፣ ለሁለተኛ ጊዜ 30 በመቶ፣ ለሦስተኛ ጊዜና ከዚያ በላይ ሲፈጸም 40 በመቶ ይሆናል። ይህ አወሳሰን ተደጋጋሚ ስህተት እየከበደ እንደሚሄድ ያመለክታል። ይሁንና ባለሥልጣኑ ትርጉም ባልሰጠበት ጉዳይ ላይ ግብር ከፋዩ በአሳማኝ ሁኔታ ሊከራከርበት የሚችል አቋም ይዞ ከሆነ መቀጫው እንደማይጣልበት አዋጁ ይገልጻል። አንድን ክፍያ በተለየ መንገድ ያስተናገደ መሥሪያ ቤት የተነሣበትን የሕግ ምክንያት በወቅቱ በጽሑፍ ማስቀመጡ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስለሆነም የማረሚያው ማመልከቻ ምላሽ እስከሚያገኝ ድረስ ልዩነቱን ሳይከፍሉ መጠበቅ አይመከርም። መከፈሉ የማያከራክረውን መጠን ቀድሞ ገቢ ማድረግ በዚያ መጠን ላይ የሚታሰበውን ወለድ ያቆማል።

የቀናሽ መሥሪያ ቤቱና የኃላፊዎቹ ተጠያቂነት

ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብርን ቀንሶ ማስቀረትና ወሩ ካለቀ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ ገቢ ማድረግ የቀጣሪው ግዴታ ነው። ግብሩን ያልቀነሰ ወይም ቀንሶ ገቢ ያላደረገ ሰው ሊቀነስ ይገባ የነበረውን ወይም የተቀነሰውን ግብር 10 በመቶ መቀጫ ይከፍላል። ቀናሹ ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ፣ ዋና የሒሳብ ሹሙና ግብሩ ተቀንሶ ገቢ መደረጉን የማረጋገጥ ኃላፊነት ያለበት ሌላ ኃላፊ እያንዳንዳቸው 2,000 ብር እንደሚቀጡ አዋጁ ደንግጓል። ይህ መቀጫ በግለሰቦቹ ላይ በግል የሚጣል ነው።

አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ግብር የሚከፈልበት የ3,000 ብር አበል በየወሩ ይከፈለዋል እንበል። ግብሩ በ15,000 ብር ላይ ሲሰላ 3,200 ብር ይሆናል። አበሉ ተዘንግቶ 2,250 ብር ብቻ ከተቀነሰ በወር 950 ብር፣ በዓመት 11,400 ብር ይጎድላል። ያልተቀነሰውን ግብር የመክፈል ኃላፊነት በቅድሚያ የሚወድቀው በቀናሹ ላይ ነው። ቀናሹ የከፈለውን መልሶ ከሠራተኛው መጠየቅ ቢችልም፣ የአንድ ዓመት ጉድለት በአንድ ጊዜ ከደመወዙ እንዲተካ የሚጠየቅ ሠራተኛ የሚደርስበት ጫና ግልጽ ነው። ስህተቱ በመጀመሪያው ወር ቢገኝ ኖሮ ጥያቄው የ950 ብር ብቻ ይሆን ነበር።

ማረሚያው የሚከፈለውን ግብር የሚቀንስ ሲሆን

ግብር በብልጫ ተከፍሎ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ጊዜያትን መለየት ያስፈልጋል። ስሌቱ እንዲሻሻል የሚጠየቅበት ጊዜ 5 ዓመት ሲሆን፣ በብልጫ የተከፈለ ታክስ እንዲመለስ የሚጠየቅበት ጊዜ ግን ታክሱ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። "ገና 5 ዓመት አልሞላም" በሚል አራተኛው ዓመት ላይ የሚቀርብ ግብር ከፋይ ገንዘቡን የማስመለስ መብቱን ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም የማሻሻያና የተመላሽ ጥያቄዎችን በአንድነትና በሦስቱ ዓመታት ውስጥ ማቅረብ የተሻለ ይሆናል።

ተመላሽ የሚጠይቅ ግብር ከፋይ ሌላ ያልተከፈለ የታክስ ዕዳ ካለበት ገንዘቡ በቅድሚያ ለዕዳው ማካካሻ ሊውል እንደሚችል ማወቅ ይኖርበታል። ከደመወዙ በብልጫ የተቀነሰበት ሠራተኛም ጥያቄውን በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የፋይናንስ ክፍል በጽሑፍ ማቅረብ ይገባዋል። ፔሮሉ፣ ማስታወቂያውና የክፍያ ደረሰኙ የሚገኙት እዚያ በመሆኑ፣ የፋይናንስ ክፍሉ ስህተቱን አምኖ የታረመውን ዝርዝር ካላዘጋጀ ሠራተኛው ብቻውን ማስረጃ ለማሟላት ይቸገራል። ስለዚህ የሠራተኛውን ጥያቄ በወቅቱ ማስተናገድ የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ድርሻ እንጂ ውለታ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የግል ማስታወቂያ የሚያቀርቡ ሠራተኞችና ባለሥልጣናት

ቤት የሚያከራይ የመንግሥት ሠራተኛ የኪራይ ገቢውን ከደመወዙ ለይቶ ማስታወቅ አለበት። በዚህ ረገድ የኪራይ ውል በዓመቱ አጋማሽ ሲታደስ የጨመረውን ኪራይ አለመመዝገብ፣ በቅድሚያ የተከፈለን ኪራይ መዘንጋት ወይም ከተከራዩት ቤቶች አንዱን መተው ሊያጋጥም ይችላል። በተመሳሳይ ሁኔታ ከአንድ በላይ ቀጣሪ ያለው ሠራተኛ ገቢዎቹ ተደምረው ግብር የሚከፈልባቸው መሆኑን ካላሳወቀ፣ እያንዳንዱ ቀጣሪ በዝቅተኛው እርከን ስለሚቀንስ ጉድለት ይፈጠራል።

በሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ሀብታቸውንና የገቢ ምንጫቸውን የሚያስመዘግቡ ተሿሚዎችና ሠራተኞች ለዚህ ልዩ ትኩረት መስጠት ይኖርባቸዋል። በሀብት ምዝገባው ላይ የተገለጸ የኪራይ ገቢ በግብር ማስታወቂያው ላይ ሳይገኝ ሲቀር፣ ልዩነቱ ከዝንጋታ የመጣ ቢሆንም ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ሁለቱን ሰነዶች አስተያይቶ ልዩነት ሲገኝ ማረሚያውን ቀድሞ መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ስህተትና ማጭበርበር

ሕጉ ስህተትን ከማጭበርበር ይለያል። ባለሥልጣኑ የቀረበን ስሌት በራሱ አነሣሽነት ማሻሻል የሚችለው በመደበኛው ሁኔታ ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በ5 ዓመት ውስጥ ነው። ማጭበርበር ወይም ከባድ ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ቸልተኝነት ሲኖር ግን የጊዜ ገደቡ አይሠራም፤ ስሌቱ በማናቸውም ጊዜ ሊሻሻል ይችላል። ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መግለጫ መስጠትና ግብርን መሰወር ደግሞ ከአስተዳደራዊ መቀጫ ባለፈ በእሥራት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ናቸው።

ልዩነቱ የሚታየው በተሠራው ስህተት ብቻ ሳይሆን ስህተቱ ከታወቀ በኋላ በተወሰደው እርምጃም ነው። ስህተቱን እያወቀ ዓመታትን ያሳለፈ ሰው "ተዘንግቶ ነው" ብሎ ማስረዳት ይከብደዋል። ኦዲት ከመጀመሩ በፊት በራሱ ተነሣሥቶ ያሳወቀ ግን ቅን ልቦናውን የሚያሳይ ሰነድ በእጁ ይኖራል።

ጥያቄው ተቀባይነት ሲያጣ

ባለሥልጣኑ የማሻሻያ ጥያቄውን ባይቀበል ውሳኔው በሕጉ የታክስ ውሳኔ በመሆኑ ቅሬታ ሊቀርብበት ይችላል። ቅሬታው የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰ በ21 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። በቅሬታው ውስጥ ውሳኔው የተሳሳተባቸው ነጥቦችና ምክንያቶቹ በዝርዝር ሊገለጹ፣ አከራካሪ ያልሆነውም ግብር ሊከፈል ይገባል። በቅሬታው ላይ በ180 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ግብር ከፋዩ በቀጥታ ይግባኝ ማለት ይችላል።

በቅሬታ ውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ያቀርባል። ይግባኙ የታክስ ስሌትን የሚመለከት ከሆነ ግብር ከፋዩ አከራካሪ ከሆነው ታክስ 50 በመቶውን ማስያዝ እንደሚጠበቅበት አዋጅ ቁጥር 983/2008 ይደነግጋል። የኮሚሽኑን ውሳኔ በመቃወም በሕግ ጉዳይ ላይ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሲባል የሚያዘው መጠን ወደ 75 በመቶ ከፍ ይላል። ክርክሩ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ወጪው የሚጨምር በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ማስረጃን አሟልቶ ማቅረብ የተሻለ አማራጭ ነው።

ስህተቱ የታክስ ሰብሳቢው ሊሆንም ይችላል። ባለሥልጣኑ በሰጠው ማስታወቂያ ወይም ውሳኔ ላይ ከሰነዱ በግልጽ የሚታይ፣ የሕግ ትርጉምም ሆነ የፍሬ ነገር ክርክር የማያስነሣ ስህተት ሲገኝ ሰነዱ እንዲስተካከል መጠየቅ ይቻላል። ሆኖም ምላሹን በመጠባበቅ የ21 ቀኑን የቅሬታ ጊዜ ማሳለፍ አይገባም።

ክልሎችን በሚመለከት

ከላይ የተገለጸው ሥርዓት በፌዴራል ሕግ የተደነገገ ነው። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በየራሳቸው የገቢ ግብርና የታክስ አስተዳደር ሕጎች የሚመሩ በመሆኑ፣ የክልል መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ባለሙያዎች ማመልከቻቸውን ከማዘጋጀታቸው በፊት የክልላቸውን አዋጅና መመሪያ መመልከት ይኖርባቸዋል። የቤት ኪራይ ገቢ የሚያስታውቁ ግለሰቦችም ማረሚያውን የሚጠይቁት ማስታወቂያውን ላቀረቡበት የታክስ ቅርንጫፍ ነው።

አስቀድሞ መከላከል

ስህተትን ከማረም መከላከሉ ይቀላል። ፔሮሉን ያዘጋጀው ባለሙያና የሚያረጋግጠው ሰው የተለያዩ ቢሆኑ፣ የወሩ ድምር ካለፈው ወር ጋር ቢነጻጸርና ለውጡ በቅጥር፣ በዝውውር፣ በስንብት ወይም በደመወዝ ዕድገት ቢብራራ አብዛኛው የአጻጻፍ ስህተት ከመፈረሙ በፊት ይገኛል። የአዲስ ሠራተኞች መለያ ቁጥር ከምዝገባ ሰነዳቸው ጋር መመሳከር አለበት። የሕግ ማሻሻያ ሲወጣም በኮምፒዩተር ላይ የተጫነው የስሌት ሠንጠረዥ መለወጡ በናሙና ሊረጋገጥ ይገባል።

ሰነዶችም በአግባቡ መያዝ አለባቸው። አዋጁ ግብር ከፋዮች ሰነዶቻቸውን በንግድ ሕጉ ለሰነድ ማቆያ ከተወሰነው ጊዜ ወይም ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ከሚቆጠር 5 ዓመት ውስጥ ለረዘመው ጊዜ እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ባለሙያ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ ሲዛወር በርክክብ ሰነዱ ላይ ያልተቋጩ የማረሚያ ጥያቄዎች፣ የቀረቡበት ቀንና የ120 ቀኑ ጊዜ የሚያበቃበት ዕለት ተመዝግበው ቢተላለፉ ጉዳዩ በመሐል አይቋረጥም።

ሠራተኛውም በየወሩ የሚደርሰውን የደመወዝ መግለጫ ማየት አለበት። የተቀነሰው ግብር ካለፈው ወር የተለየ ሆኖ ሲያገኘው ምክንያቱን በዚያው ወር መጠየቁ ለራሱም ሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ይበጃል። በወሩ የተጠየቀ ስህተት በአንድ ደብዳቤ ሊቋጭ ሲችል፣ ከዓመታት በኋላ የተገኘ ግን ወለድን፣ መቀጫንና ክርክርን አስከትሎ ይመጣል።